ለአንድ ምሽት ድንበር መሻገር፦ መታወቂያው፣ ሰዓቱና ጤናችን

በደቡብ ካሊፎርኒያ ለሚኖር ወጣት የሜክሲኮዋ ቲዋና ሩቅ አገር አይደለችም። ከሳንዲያጎ መሀል ከተማ በትሮሊ ተሳፍሮ ሳን ኢሲድሮ ይወርዳል፤ ከዚያ በእግሩ ይሻገራል። በአሜሪካ አልኮል ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ በሜክሲኮ ግን 18 ይበቃል። የጭፈራ ቤቱ ዋጋ ይረክሳል፣ ሌሊቱም ይረዝማል። ሳንዲያጎ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩባት ከተማ ስለሆነች ጉዳዩ የእኛም ቤት ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2025 ወዲህ ደግሞ አዲስ ግራ መጋባት ተጨምሯል። «ሪያል አይዲ አለኝ፤ እሱን ይዤ ብሻገር ምን ችግር አለው?» የሚል ጥያቄ በዝቷል። ሐኪም ስለ መታወቂያ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ከእንዲህ ዓይነት ምሽት በኋላ የሚመጡ ዋና ዋና የጤና ችግሮች በደቂቃና በሰዓት የሚቆጠሩ ናቸው። ትክክለኛ ሰነድ ያልያዘ ሰው ደግሞ ያንን ሰዓት የሚያባክነው ድንበር ላይ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሪያል አይዲ ለድንበር አያገለግልም

የሪያል አይዲ ሕግ የወጣው በ2005 ሲሆን፣ በአገር ውስጥ በረራ ላይ ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ የሆነው ግንቦት 7 ቀን 2025 ነው። በካሊፎርኒያ መንጃ ፈቃድ ላይ የምታዩት የወርቃማ ድብና የኮከብ ምልክት ካርዱ ሪያል አይዲ መሆኑን ያሳያል። በዚህ ካርድ ከሳንዲያጎ ዋሽንግተን መብረር ይቻላል። ካርዱ ግን የያዘው ሰው የአሜሪካ ዜጋ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ ከሜክሲኮ ወደ አሜሪካ ለመግባት አያገለግልም።

የየብስ ድንበሩን ደንብ የሚወስነው ሌላ ሕግ ነው። ከሰኔ 1 ቀን 2009 ጀምሮ አንድ ጎልማሳ አሜሪካዊ ዜጋ ከሜክሲኮ በየብስ ሲመለስ ፓስፖርት፣ የፓስፖርት ካርድ፣ እንደ ሴንትሪ ያለ የታመነ ተጓዥ ካርድ ወይም «የተሻሻለ መንጃ ፈቃድ» የሚባለውን እንዲያሳይ ይጠየቃል። የመጨረሻውን የሚሰጡት ዋሽንግተን፣ ሚሺጋን፣ ሚኒሶታ፣ ኒውዮርክና ቨርሞንት ብቻ ናቸው። ካሊፎርኒያ አትሰጥም።

ማን ምን መያዝ አለበት?

• የአሜሪካ ዜጋ፦ ፓስፖርት ወይም የፓስፖርት ካርድ። የፓስፖርት ካርዱ ለየብስና ለባሕር ጉዞ እንጂ ለዓለም አቀፍ በረራ አይሆንም። በጠና ታሞ በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ መመለስ ቢያስፈልግ ካርዱ ብቻውን አይበቃም።

• ግሪን ካርድ ያለው፦ ዋናውን ካርድ ይያዝ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ ወይም ኮፒ አይተካውም። ሜክሲኮ ደግሞ ፓስፖርት ትጠይቃለች። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለሜክሲኮ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የጸና ግሪን ካርድ ወይም የአሜሪካ ቪዛ ካለው ግን ከዚህ ነጻ ነው። ፓስፖርቱ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን አስቀድሞ ማየት ይገባል።

• የጥገኝነት ማመልከቻው ያልተወሰነለት፦ ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነው። አድቫንስ ፓሮል የተባለውን ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ የወጣ ሰው ማመልከቻውን እንደተወው ይገመታል። ለሁለት ሰዓት በእግር ተሻግሮ መመለስም መውጣት ነው። የዓመታት ጥበቃ በአንድ ምሽት ሊጠፋ ይችላል። ስለ አድቫንስ ፓሮል ከጠበቃ ጋር ሳትነጋገሩ አትሻገሩ።

• ጥገኝነት የተሰጠው፣ ገና ግሪን ካርድ ያልያዘ፦ ከመውጣቱ በፊት የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያስፈልገዋል።

• ተማሪ፦ ከመሄድ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ይጠይቅ።

ሁሉም ሰው የሜክሲኮን የጎብኚ መግቢያ ፈቃድም መያዝ አለበት። በየብስ ሲገባ ማንም ሳያስቆመው ቢያልፍ እንኳ ውስጥ ሲገኝ ሊጠየቅ ይችላል።

አንድ ነገር በተለይ ለወጣቶች፦ የወንድም ወይም የአጎት ልጅ ፓስፖርት ተውሶ መሻገር ቀልድ አይደለም። በሌላ ሰው ሰነድ መግባት ወንጀል ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው ድንበር ላይ «አሜሪካዊ ነኝ» ብሎ ቢዋሽ ደግሞ ወደ አሜሪካ የመግባትና የመኖር ዕድሉን ለዘለቄታው ሊዘጋበት ይችላል።

ሰነድ ሲጠፋ ሕክምና ይዘገያል

የአሜሪካ ዜጋ ፓስፖርቱ ቢሰረቅ እንኳ ወደ አገሩ እንዳይገባ አይከለከልም። ሆኖም ማንነቱና ዜግነቱ እስኪጣራ ይቆያል። ግሪን ካርዱ የጠፋበት ሰው ማጣራቱ የበለጠ ሊረዝምበት ይችላል። ወረፋው ራሱ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። የሜክሲኮ አምቡላንስም ብዙውን ጊዜ በሽተኛውን ድንበሩ ላይ ለአሜሪካ አምቡላንስ ያስረክባል እንጂ በቀጥታ ሳንዲያጎ ሆስፒታል አያደርሰውም። ብዙ የአሜሪካ የጤና መድኖች በሜክሲኮ የሚደረግ ሕክምናን አይሸፍኑም፤ እዚያ ያሉ የግል ሆስፒታሎችም ቅድሚያ ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ሕመሙ ግን ወረፋ አይጠብቅም። እያንዳንዱ አደጋ ስንት ሰዓት እንደሚሰጠን እንይ።

ደቂቃዎች፦ ሀሰተኛ ክኒን

በ2023 የዩሲኤልኤ ተመራማሪዎች በሰሜን ሜክሲኮ ከተሞች ከፋርማሲ የተገዙ ክኒኖችን መርምረው ነበር። ኦክሲኮዶን ተብለው ከተሸጡት ውስጥ ፌንታኒል፣ አደራል ተብለው ከተሸጡት ውስጥ ሜታምፌታሚን ተገኘ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስለዚሁ ለተጓዦች ማስጠንቀቂያ አወጣ። መድኃኒቱ የተገዛው ከመንገድ ላይ ሻጭ ሳይሆን ነጭ ጋውን ከለበሰ ሰው መሆኑ ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ሁለት ሚሊግራም ፌንታኒል ብቻ ሰው ሊገድል ይችላል። ከአልኮል ጋር ሲሆን ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ቢቀሰቅሱት የማይነቃ ሰው፣ የሚቆራረጥ ወይም እንደ ማንኮራፋት ያለ ትንፋሽ፣ እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ የዓይን ብሌን፣ የከንፈርና የጥፍር መጥቆር። በእኛ የቆዳ ቀለም መጥቆሩ በቀላሉ ስለማይታይ ድዱንና የጥፍሩን ሥር ተመልከቱ፤ አመድ መስሎ ይታያል። አንጎል ኦክስጅን ካጣ በደቂቃዎች ውስጥ ይጎዳል። ወዲያውኑ 911 ደውሉ፤ በሜክሲኮም የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩ ያው ነው። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፤ ብቻውን አትተዉት።

የፌንታኒልን ጉዳት የሚቀለብሰው ናሎክሶን በአሜሪካ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይገዛል፤ እቤት መኖሩ ጥሩ ነው። በሜክሲኮ ግን ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ እዚያ ማዶ በቀላሉ ይገኛል ብላችሁ አትተማመኑ። ስለዚህ ትክክለኛው መከላከያ እዚያ የተገዛም ሆነ ሰው የሰጠውን ክኒን ጨርሶ አለመዋጥ ነው።

ሰዓታት፦ ከመጠን ያለፈ አልኮልና ሜታኖል

ቡና ማጠጣት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ወይም «ይተኛና ይለፍለት» ማለት ስካርን አያበርድም። የሚያስመልስና የማይነቃ ሰው በገዛ ትውከቱ ሊታፈን ይችላል።

ሜታኖል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በሕገ ወጥ መንገድ በተጠመቀ ወይም በተቀላቀለ መጠጥ ውስጥ ይገኛል፤ ጣዕሙም ከተለመደው አልኮል አይለይም። በ2020 በተለያዩ የሜክሲኮ ግዛቶች ከ100 በላይ ሰዎች በተበከለ መጠጥ ሞተዋል። በኅዳር 2024 ደግሞ በላኦስ የመዝናኛ ከተማ ቫንግ ቪየንግ ስድስት የውጭ አገር ጎብኚዎች በዚሁ መርዝ ሞተዋል፤ ከእነሱ መካከል ድንበር ተሻግረው በታይላንድ ሆስፒታል የታከሙ ነበሩበት።

ሜታኖልን አታላይ የሚያደርገው መዘግየቱ ነው። ዋናዎቹ ምልክቶች ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይተው ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ ሰውየው እቤቱ ተመልሶ «ሀንጎቨር ነው» እያለ ተኝቷል። የዓይን ብዥታ፣ ፊት ለፊት በረዶ የሚዘንብ የሚመስል እይታ፣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የፈጠነ ትንፋሽ ካለ ማግስቱን ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። በጊዜ ከተደረሰ መድኃኒትና የኩላሊት እጥበት ዓይንንም ሕይወትንም ያድናሉ።

72 ሰዓት፦ ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት

የቲዋናው ዞና ኖርቴ የወሲብ ንግድ የሚካሄድበት የታወቀ ሠፈር ነው። እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ሥራዬ አይደለም። ማወቅ ያለባችሁን ግን ልንገራችሁ። ኮንዶም ከተቀደደ፣ ሳይደረግ ከቀረ ወይም አንድ ሰው ያለ ፈቃዱ ከተደፈረ፣ ኤችአይቪን ከተጋለጡ በኋላ የሚከላከል ሕክምና አለ። በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ይኖርበታል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። ለ28 ቀን ይወሰዳል። በአራተኛው ቀን የመጣ ታካሚን ይህ ሕክምና አይደርስለትም፤ የሚቀረው መመርመርና መጠበቅ ነው።

እርግዝናን ለመከላከል በአገር ቤት ፖስትፒል፣ በአሜሪካ ፕላን ቢ የሚባለው ክኒን በ72 ሰዓት ውስጥ ቢወሰድ ይመረጣል፤ ዩሊፕሪስታል የተባለው እስከ 120 ሰዓት ይሠራል። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ያልወሰደ ሰውም ቶሎ እንዲከተብ ይመከራል። ቂጥኝና ጨብጥ ያለ ምልክት ሊኖሩ ስለሚችሉ ምርመራው ሐኪሙ በሚነግራችሁ ቀን ይደገማል።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ልጅ ጋር በክፍያ ወሲብ የፈጸመ አሜሪካዊ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ ድርጊቱ በሌላ አገር ቢፈጸምም በአሜሪካ ሕግ እስከ 30 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ተገድዳ የምትሠራ ወይም ልጅ የምትመስል ሰው ካያችሁ ከዚያ ቤት ውጡ፤ ለፖሊስም አሳውቁ።

የምሽቱ ዝግጅት

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቲዋና ለምትገኝበት የባሃ ካሊፎርኒያ ግዛት «ጉዞዎን ደግመው ያስቡበት» የሚለውን ሦስተኛ ደረጃ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። ምክንያቱ ወንጀልና ጠለፋ ነው። እንሄዳለን ካላችሁ ግን፦

1. ዋናውን ሰነድ ከልብስ ሥር በሚታሰር ቦርሳ ያዙ፤ ኮፒውን እቤት ላለ ሰው ተዉ። ስልኩና ሰነዱ በአንድ ኪስ አይሁኑ።
2. ቢያንስ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ አይጠጣ። ብቻውን «እኔ ቆይቼ እመጣለሁ» የሚል አይኑር።
3. መኪና አትንዱ። በሜክሲኮ የአሜሪካ የመኪና መድን ብቻውን አይበቃም። ከመኪና ውስጥ የተረሳ መሣሪያ ወይም አንዲት ጥይት እንኳ ለእስር ይዳርጋል።
4. ፊት ለፊታችሁ የተከፈተ ጠርሙስ ጠጡ፤ ጥላችሁት የሄዳችሁትን ብርጭቆ አትመለሱበት።
5. ኮንዶም ከአሜሪካ ይዛችሁ ሂዱ።
6. የስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የበሽታውንና የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። መድኃኒቱ ወደ ሜክሲኮ መግባት መቻሉንም አስቀድማችሁ አጣሩ።
7. ሰነድ ከተሰረቀ የአሜሪካ ዜጎች ቲዋና የሚገኘውን የአሜሪካ ቆንስላ ያግኙ። የታመመ ሰው ካለ ግን ሕክምናው ይቅደም፤ ፓስፖርት ፍለጋው ይቆይ።

ለወላጆች

18 ዓመት የሞላውን ልጅ አስሮ ማስቀመጥ አይቻልም። ቁጣን ፈርቶ የሚደበቅ ልጅ ግን ሰዓቱን እየደበቀ ነው። «እንዳትሄድ» ብላችሁ ብትመክሩም ይህን ጨምሩበት፦ «የሆነ ነገር ከደረሰብህ ግን በማንኛውም ሰዓት ደውል፤ ጥያቄው ነገ ይደርሳል።» የቤተሰባችሁን የኢሚግሬሽን ሁኔታም ለልጆቻችሁ በግልጽ ንገሯቸው። ማመልከቻው ገና መሆኑን የማያውቅ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር በእግሩ ሊሻገር ይችላል።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ

ከ1986 ጀምሮ ባለ ሕግ መሠረት የአሜሪካ ሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍሎች መድን ወይም የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውንም ሰው መርምረው ሁኔታውን የማረጋጋት ግዴታ አለባቸው። የምትነግሩን ነገር በሕክምና ምስጢርነት ይጠበቃል። በካሊፎርኒያ 12 ዓመት የሞላው ልጅም ለአባላዘር በሽታ ሕክምና ራሱ መፍቀድ ይችላል።

እኛ ሐኪሞች መጀመሪያ የምንጠይቀው «ለምን ሄድክ?» ብለን አይደለም። «ምን ወሰድክ? ስንት ሰዓት ነበር?» ነው የምንለው። ለሁለቱ ትክክለኛ መልስ ካገኘን ሕክምናውን ወዲያው እንጀምራለን። አፍራችሁ ሌላ ታሪክ ከነገራችሁን ግን ሌላ በሽታ እየፈለግን ጊዜው ያልፋል።