መርጃን ነው ወይስ መርጃን መሳይ?

በዛሬው ጽሑፋችን የምንነጋገረው በመጠን ትንሽ ስለ ሆነች፥ ነገር ግን ብዙ ሰው ስለሚታለልባት ዕቃ ነው፤ ይኸውም ስለ መርጃን መቁጠሪያ።

አንድ ወዳጄ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የመጀመሪያ ደመወዙን በተቀበለ ጊዜ አያቱን ለማስደሰት አሰበ። ሽማግሌው ከየስግደቱ በኋላ የሚቆጥሩት ክሩ ተበጥሶ ደጋግሞ በተቋጠረ የእንጨት ሙስበሃ ነበር። ልጁም ወደ ገበያ ወጥቶ፥ ሻጩ «ጥሩ የባሕር መርጃን» ያለውን ባለ 99 ፍሬ ቀይ ሙስበሃ ከደመወዙ የሚበዛውን ከፍሎ ገዛና ወደ አገሩ ወሰደላቸው። አያትየውም ተቀብለው መረቁት። በዓመቱ ለበዓል ሲመለስ ግን የሽማግሌው ጣቶች ቀልተው፥ ፍሬዎቹም በቀዳዳቸው ዙሪያ ነጥተው አገኘ። «ምነው ሳይነግሩኝ?» ቢላቸው፥ «ልጄ፥ አንተ የሰጠኸኝ መርጃን ነው፤ ቀለም የሸጠልህ ሌላ ሰው ነው» አሉት።

እንዲህ ያለው ነገር በእርስዎ እንዳይደርስ በመጀመሪያ መርጃን ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይበጃል። መርጃን ድንጋይ ወይም ዕፅ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ በባሕር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት በኅብረት የሚሠሩት አጥንት ነው። ቅርንጫፍ ስላለው ብዙዎች ተክል ነው ይሉ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት ፔይሶኔል የተባለ የማርሴይ ሐኪም የእንስሳት ሥራ መሆኑን ቢገልጽ በአገሩ ሊቃውንት ዘንድ ቶሎ አልታመነም። አጥንቱ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት፥ ማለት የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ነገር ነው። እጅግ የታወቀው ቀይ መርጃን የሚወጣው ከሜዲትራኒያን ባሕር ሲሆን፥ በናፖሊ አጠገብ በቬሱቪየስ ተራራ ግርጌ ያለችው ቶሬ ዴል ግሬኮ በመርጃን ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። ግንዱ በዓመት የሚወፍረው አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የሽምብራ ያህል ለምትሆን አንዲት ፍሬ ባሕሩ ብዙ ዓመት ይደክማል፤ 99 ፍሬ በመልክና በመጠን አስተካክሎ ማግኘትም ቀላል አይደለም። እንግዲህ በርካሽ የሚቀርብልዎን መርጃን ገና ሳይነኩት ይጠራጠሩ። የዋጋው መወደድ ብቻም ምስክር አይሆንም፤ ወዳጄ የተታለለው ብዙ ከፍሎ ነው።

በመርጃን ስም የሚሸጡት በብዛት ሦስት ናቸው፤ መስታወት፥ ፕላስቲክ፥ እንዲሁም ቀለም የተነከረ ሌላ የባሕር አጥንት። ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ አሳሳች ነው። እንደ ቀርከሃ አንጓ ስላለው የቀርከሃ መርጃን የሚባል ነጣ ያለ ዓይነት አለና፥ በቀይ ቀለም ሲነከር የዋሁን ገዢ በቀላሉ ያታልላል።

መመርመሪያው እንዲህ ነው። አንደኛ፥ ሙስበሃውን በመዳፍዎ ይመዝኑ። መርጃን ከውሃ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይከብዳል፤ ጉንጭ ሲነካም ይቀዘቅዛል። ፕላስቲክ ግን ቀላል ነው፤ በእጅም ቶሎ ይሞቃል። መስታወት እንደ መርጃን ከባድና ቀዝቃዛ ስለ ሆነ በዚህ አይለይም።

ሁለተኛ፥ ማጉያ መነጽር ይያዙ። በእውነተኛው ቀይ መርጃን ላይ ጎን ለጎን የተሰለፉ እጅግ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። በመስታወት ውስጥ ብዙ ጊዜ ክብ የአየር አረፋ ይገኛል፤ የተሸረፈበትም ቦታ ያብለጨልጫል። በፕላስቲክ ፍሬ ወገብ ላይ ደግሞ የቅርጽ ማውጫው መጋጠሚያ መስመር ይታይ ይሆናል።

ሦስተኛ፥ ቀዳዳውንና ክሩን ይመልከቱ። ቀለም የተነከረ ፍሬ ቀለሙ በስንጥቁና በቀዳዳው አፍ ተጠራቅሞ ይገኛል፤ ውስጡ ይነጣል፥ ክሩም ይቀላል። ሻጩ ቢፈቅድልዎ የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው አሴቶን ትንሽ ጥጥ ነክረው የአንዲቱን ፍሬ ቀዳዳ ጠርዝ ብቻ ይጥረጉ፤ ጥጡ ከቀላ ቀለም ነው። ነገር ግን አሴቶን ፕላስቲክን ስለሚያሟሟ ይጠንቀቁ።

አንዳንዱ ሰው ሎሚ ጨምቆበት አረፋ ሲያወጣ «መርጃን ነው» ብሎ ይፈርዳል። ይህ ስሕተት ነው። አሲድ የነካው ካልሲየም ካርቦኔት ሁሉ ስለሚያረፋ የተነከረው የቀርከሃ መርጃንም ሆነ የባሕር ዛጎል እንዲሁ ያደርጋል፤ እውነተኛው መርጃን ቢሆን ደግሞ ልስላሴው ይበላሻል። የጋለ መርፌ መውጋትም ዕቃን ማጥፋት ነው። በተለይ ከአያት የወረሱትን በሎሚና በእሳት ከመፈተን ወደ ከበሩ ድንጋዮች መርማሪ መውሰድ ይሻላል።

ስለ ጥቁሩም ጥቂት እንበል። በዐረቦች ዘንድ ዩስር የሚባለው ጥቁር መርጃን ከቀይ ባሕር ይወጣል፤ ሙስበሃም ይሠራበታል። እርሱ እንደ ቀንድ ያለ ነገር እንጂ የኖራ ወገን ስላልሆነ ከቀዩ ይቀላል፤ ስለዚህ ቢቀልብዎ ሐሰተኛ ነው ብለው አይፍረዱ። ሲቆረጥ እንደ ዛፍ ግንድ ክብ ክብ ቀለበት ይታይበታል። ከ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከአገር ወደ አገር የሚደረገው ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት በፈቃድ የተወሰነ መሆኑንም አይርሱ።

አንባቢ ሆይ፤ ጸሎት በፍሬው ዋጋ አይመዘንም። ሙስሊሙ በ33 ወይም በ99፥ ኦርቶዶክሱ በ41 ወይም በ64 ሲቆጥር፥ ፍሬው እንጨትም ሆነ መስታወት ጸሎቱ ሐሰተኛ አይሆንም። መስታወትን መስታወት ብሎ የሚሸጥም ነውር የለበትም። ነውሩ ስሙን ለውጦ የድካም ዋጋን መውሰድ ነው። አቅም ባይፈቅድልዎ የእንጨቱን በስሙ ገዝተው በደስታ ይስጡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ቀይ መቁጠሪያ ለመግዛት ሲወጡ ግን ገንዘብዎን ከፍለው እስኪነጋ ከመጠበቅ፥ ትንሿን ማጉያ መነጽር በኪስዎ ይዘው ይውጡ።