ሲጎዳም የእኛ ነው

እ.ኤ.አ. በ2024 ቀነኒሳ በቀለ በ41 ዓመቱ የለንደን ማራቶንን 2:04:15 ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። እስከዚያ ቀን ዕድሜያቸው 40 ከሞላ ሯጮች ይህን ያህል የፈጠነ አልነበረም። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ስልኬ በባንዲራ ተጥለቀለቀ፤ ከዋሽንግተን እስከ ፍራንክፈርት «አንበሳችን» የማይል ጠፋ። ደስታችሁ ደስታዬ ነው። ግን አንድ ነገር ውስጤን እየበላው ስለሆነ ሳልናገር አላልፍም።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው በ2023 በዚሁ ከተማ አቋርጦ ሲወጣ የት ነበራችሁ?

እኔ መንገዱ ዳር ነበርኩ። ወሬው ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር አጠገቤ የቆመ ጎልማሳ ባንዲራውን ከዘንጉ ፈታና አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። «ድሮም አብቅቶለታል፤ ለብር ነው የሚሮጠው» ብሎ ወደ ባቡሩ ሄደ። ሌሎችም ተከተሉት። ሌላው ልጃችን ታምራት ቶላ ገና እየሮጠ ነበር! ሦስተኛ ሆኖ ሲገባ ስሙን ለመጥራት የቀረነው ጥቂቶች ነን።

«አብቅቶለታል» ማለት ለምዶብናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ባቱን ተጎድቶ ከውድድር ሲርቅ አልን። በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ላይ፣ በ10 ሺህ ሜትር ሽንፈት የማያውቀው ሰው ሩጫውን አቋርጦ ሲወጣ ደገምነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ብራስልስ ላይ 26:43 ሮጦ አሸነፈ። በ2017 በርሊን፣ በ2018 አምስተርዳም አቋረጠ፤ «ጫማውን ይስቀል» ተባለ። በ2019 በርሊን ላይ ቋንጃው ይዞት ወደ ኋላ ከቀረ በኋላ እንደገና ተነስቶ 2:01:41 ገባ፤ ከዓለም ክብረ ወሰን የለየው 2 ሰከንድ ነው። ያን ዕለት ሁሉም «እኔስ መች ተጠራጠርኩ» ባይ ሆነ።

አልማዝ አያናስ? ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰባብራ ስትገባ አብረናት አለቀስን። ጉልበቷ ከሩጫ ሲያስቀራት ዓመታት አለፉ። በ2022 አምስተርዳም ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን 2:17:20 ሮጣ ስታሸንፍ ደግሞ ከያለንበት ብቅ አልን። በመካከሉ «ደህና ነሽ ወይ?» ያላት ስንታችን ነን?

እንዲህ አልነበርንም። አገር ቤት የጎረቤት ልጅ እግሩ ሲሰበር እናቶቻችን አጥሚቱን በፔርሙስ ይዘው ይሄዱ ነበር። ብርቱካን የያዘ ጠያቂ በር ላይ ወረፋ ይጠብቃል፤ የተጣላ እንኳ ይመጣል፤ መቀመጫ ቢጠፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «እግዜር ይማርህ» ይላል። እዚህ ግን ለሠርግና ለምርቃት አዳራሽ እንሞላለን፤ ወገቡን ተጎድቶ ሥራ ያቆመ ታክሲ ነጂ ዕቁቡን መጣል ሲያቅተው ስሙን እንፍቃለን፣ ደውሎም የሚጠይቀው የለም። በአትሌቶቻችን ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

የተጎዱ ልጆቻችን ለሕክምና ወደ አውሮፓ ይመጣሉ። ቋንቋውን የማያውቁ አሉ፤ ከሐኪም ቤት ሆቴል፣ ከሆቴል ሐኪም ቤት ብቻቸውን የሚመላለሱ አሉ። በከተማችሁ መኖራቸውን ስትሰሙ ሽሮና እንጀራ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪም ጋ አስተርጉሙላቸው። ፎቶ ለመነሳት አትሂዱ።

በ2024 ቀነኒሳ ፓሪስ ኦሊምፒክ መሮጥ ይፈልግ ነበር። ለእንዲህ ያለ ውድድር አንዱ ልጃችን ሲመረጥ ብዙዎቻችን በባቡርም በአውሮፕላንም እንደምንጎርፍ አውቃለሁ። ሃያኛም ሠላሳኛም ቢወጣ፣ እሱ ሳይገባ ከመንገዱ ዳር ንቅንቅ የሚል ሰው እንዳላይ!