ሰሌዳው ሰፊ ነው!



በሒሳብ ክፍል ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ጥያቄ ከባዱ ጥያቄ አይደለም፤ «ለምን?» የሚለው ነው። ተማሪው «ደደብ ነው እንዳልባል» ብሎ ይፈራዋል። አስተማሪውም ሰዓቱ እንዳይሄድበት፣ አንዳንዴም መልሱ እንዳይጠፋው ይፈራዋል። ስለሆነም በብዙ ክፍል ውስጥ ነገሩ «ሕጉ ነው፤ ያዙት» በሚል ይዘጋል። ተማሪው ይይዛል፣ ፈተና ያልፋል፣ በዓመቱ ይረሳዋል። እኛ የዚህ ግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጆች «ሕጉ ነው፤ ያዙት» የሚለው አነጋገር ከማስተማር ሥራ ውስጥ መውጣት አለበት እንላለን። ለምን እንደምንል ለማስረዳት አንድ የሩቅ ሰው ታሪክ ይዘን ቀርበናል።

ሰውየው ፒየር ደ ፌርማ ይባላል። በ17ኛው መቶ ዓመት መባቻ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ቦሞን ደ ሎማኝ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የቆዳ ነጋዴ ነበር። እሱ ግን ሕግ ተማረና እ.አ.አ. ከ1631 ጀምሮ በቱሉዝ ከተማ ፍርድ ቤት አማካሪ ሆኖ ሠራ። እ.አ.አ. በ1665 ካስትር ላይ እስከሞተበት ጊዜ ድረስ እንጀራው ከዳኝነት ሥራ አልወጣም። ልብ በሉ፤ የሒሳብ አስተማሪም የዩኒቨርሲቲ ሰውም አልነበረም። ሒሳብን የሚሠራው ከመዝገብና ከክርክር በተረፈችው ሰዓት ነበር።

ዘመኑን ወደ አገራችን አምጥተን እንየው። አፄ ፋሲል ጎንደርን እንደቆረቆሩ በሚነገርበት እ.አ.አ. በ1636፣ ፌርማ ፓሪስ ለሚኖረው ለመነኩሴው ለማራን መርሴን ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። መርሴን የዘመኑን ሊቃውንት በደብዳቤ የሚያገናኝ ሰው ነበር። ፌርማ ከዋናው ከተማ ርቆ፣ በደብዳቤ ብቻ፣ ከዘመኑ ታላላቆች እኩል ቆመ። ይህ ነገ ከይፋግ፣ ከወረታ፣ ከአዲስ ዘመን ወጣ ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት ለሚመደብ ሠልጣኝ ትልቅ ትምህርት ነው። «እዚያ ገደል ሥር ተጥዬ ምን አባቴ እሠራለሁ?» ለሚል ሁሉ የቱሉዙ ዳኛ ጥሩ መልስ ነው።

ምን ሠራ ቢባል ብዙ ነው። አንዱን ከፎገራ ሜዳ ማሳ ጋር አያይዘን እንየው። አንድ ገበሬ 40 ሜትር ገመድ አለው እንበል። በገመዱ አራት ማዕዘን ቦታ ሊከልል ይፈልጋል፤ ሰፊው ቦታ የሚገኘው እንዴት ሲከለል ነው? ርዝመትና ወርዱ ሲደመሩ 20 መሆን አለባቸው። 15 በ5 ቢያደርገው 75 ካሬ ሜትር ያገኛል፣ 12 በ8 ቢያደርገው 96፣ 10 በ10 ቢያደርገው 100። «ካሬ ይበልጣል፤ ያዙት» ማለት ይቻላል። ፌርማ ግን ቁጥሯን ትንሽ ነቅነቅ አድርጎ የማየት ዘዴ አመጣ። እኛም እንደዚያው አንዱን ጎን በትንሽ ብንጨምር፣ ሌላውን በዚያው ልክ ብንቀንስስ? በ1 ብናደርገው 11 በ9 ሆኖ 99፣ በ2 ብናደርገው 96፣ በ3 ብናደርገው 91 ይመጣል። ከ100 የሚጎድለው 1፣ 4፣ 9 ነው፤ ማለትም የጨመርነው ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ይጎድላል። እንግዲህ ምንም ቢነቀነቅ መጉደሉ አይቀርም። ለምን እንደሆነ ታየ! ኒውተንና ላይብኒትዝ በኋላ ያስፋፉት ካልኩለስ ከሚነሣባቸው ምንጮች አንዱ ይኸው የፌርማ ዘዴ ነው።

ሌላም አለ። በመስመርና በእኩልታ መካከል ያለውን ዝምድና እሱና ሬኔ ዴካርት ለየብቻቸው ደረሱበት። ዴካርት ግን እ.አ.አ. በ1637 መጽሐፉን አሳተመ፤ ፌርማ ጽሑፉን በእጅ ጽሑፍ ብቻ አዙሮ ተወው። ዛሬ ስሙ የሚነሣው የዴካርት ነው። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚባለው ይኸ ነው። እ.አ.አ. በ1654 ደግሞ ከብሌዝ ፓስካል ጋር በተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች የዕድል ስሌት መሠረት ተጣለ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ሁለት ሰዎች በቁማር ላይ ሳሉ ጨዋታው ቢቋረጥ የተያዘውን ገንዘብ በምን ሚዛን ይካፈሉ? የሚል ነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንምጣ። ፌርማ ትልቅ ጥበብ ነበረው፤ ከዚያው ጋር ግን አንድ ክፉ ልማድም ነበረው። ውጤቱን ይናገራል፣ ማረጋገጫውን ግን በአብዛኛው አይጽፍም። የዲዮፋንቶስን የሒሳብ መጽሐፍ ሲያነብ በኅዳጉ ላይ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። አንድ ቀን ከሁለት በላይ የሆነ ርቢ ያላቸው ሁለት ቁጥሮች ተደምረው ያንኑ ርቢ ያለው ሦስተኛ ቁጥር ሊሆኑ እንደማይችሉ ጻፈ። ድንቅ ማረጋገጫ እንዳገኘለት፣ ኅዳጉ ግን ለመጻፍ እንደጠበበው ጨምሮ ገለጸ። ከሞተ በኋላ ልጁ ማስታወሻዎቹን እ.አ.አ. በ1670 አሳተማቸው። ያቺን የጎደለች ማረጋገጫ ለማግኘት የዓለም ሊቃውንት ከ300 ዓመት በላይ ደከሙ። እ.አ.አ. በ1993 እንግሊዛዊው አንድሪው ዋይልስ አገኘሁ ብሎ ለሊቃውንት አቀረበ። ሲመረመር ጉድለት ተገኘበት፤ በ1994 ከሪቻርድ ቴይለር ጋር ሆኖ ጠገነው፤ በ1995 ታተመ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የዋይልስ ጉድለት ለምን ታየ? ማረጋገጫውን ለሰው ስላሳየ ነው። ለምንስ ተጠገነ? ስለታየ ነው። ፌርማ አሳካው አላሳካው ግን ማንም ሊያይለት አልቻለም። ፌርማም ቢሆን ሁልጊዜ ልክ አልነበረም። 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537 እያለ የሚሄደውን የቁጥር ሰልፍ ሁሉም ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ብሎ ያምን ነበር። ቀጣዩን 4294967297ን እ.አ.አ. በ1732 ኦይለር መረመረና ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አገኘ። የታላቅ ሰው ቃል ማረጋገጫ አይሆንም። የአስተማሪ ቃልም እንደዚሁ!

«ይኸ ለሊቃውንት ነው፤ ለልጆች ምን ይፈይዳል?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እስቲ የክፍል ጥያቄ እናድርገው። ዛሬ የገበያ ቀን ቢሆን ከ1,000,000 ቀን በኋላ ምን ቀን ይሆናል? መልሱ የገበያ ማግስት ነው። ለምን? 10 ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። 100 ሲካፈል 2፣ 1,000 ሲካፈል 6፣ 10,000 ሲካፈል 4፣ 100,000 ሲካፈል 5፣ 1,000,000 ሲካፈል 1 ይተርፋል። በየጊዜው በ3 እያባዛን ሰባት ሰባቱን መጣል ብቻ ነው። ሚሊዮኑ ቀን እንግዲህ ከሳምንታት ላይ አንድ ቀን ብቻ ያተርፋል።

ፌርማ እ.አ.አ. በ1640 ለወዳጁ ለፍሬኒክል በጻፈው ደብዳቤ ይህንን ለሁሉም ብቸኛ ቁጥር አስፋፍቶ ተናገረ። 7 ብቸኛ ቁጥር ነው። ለ7 የማይካፈል ማንኛውም ቁጥር ስድስት ጊዜ ተደጋግሞ ሲባዛ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። 2 ሲሆን 64 ይመጣል፣ 63 ተነሥቶ 1 ይተርፋል። 3 ሲሆን 729 ይመጣል፣ 728 ተነሥቶ 1 ይተርፋል። ታዲያ ማረጋገጫውስ? እንዳይረዝምበት ፈርቶ እንዳልላከው ጻፈ። አይ ፌርማ!

ማረጋገጫው ግን በአንድ ሰሌዳ ላይ ይበቃል። 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ እያንዳንዱን በ3 አባዝታችሁ፣ ሰባት ሰባቱን ጥላችሁ ቀሪውን ጻፉ፤ 3፣ 6፣ 2፣ 5፣ 1፣ 4 ይመጣል። ያው ስድስቱ ቁጥሮች ናቸው፤ ቦታ ብቻ ተለዋወጡ። ስለዚህ የላዩም የታቹም ረድፍ እርስ በርሱ ሲባዛ ውጤቱ አንድ ነው። ነገር ግን በታችኛው ረድፍ ውስጥ 3 ስድስት ጊዜ ገብቷል። ስድስት ጊዜ ገብቶ ምንም ካልለወጠ እንደ 1 ሆኖ ሠርቷል ማለት ነው። በ3 ፈንታ 2ን ወይም 5ን ብትወስዱም ያው ነው። ቁጥሩ ብቸኛ ካልሆነ ግን ነገሩ ይፈርሳል። 9ን ብንወስድ 2 ስምንት ጊዜ ሲባዛ 256 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 4 እንጂ 1 አይተርፍም። ይህቺው የቀሪ ሕግ፣ ኦይለር ካሰፋት በኋላ፣ እ.አ.አ. በ1977 የተፈለሰፈው አርኤስኤ የተባለው የምስጢር መጠበቂያ ዘዴ መሠረት ሆናለች። ጥቅም ለሚጠይቅ ጥቅሙም ይኸው።

ሰባትን ጥሎ ቀሪን መያዝ ደግሞ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በየአብነት ትምህርት ቤቱ የየኔታ ተማሪ በባሕረ ሐሳብ ሲሠራበት የኖረ ነው። የ2017 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን በምን ዕለት ዋለ? 5500ና 2017 ሲደመሩ 7517 ዓመተ ዓለም ነው። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 1 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። 1879ኙ መጠነ ራብዒት ይባላል። 7517ና 1879 ሲደመሩ 9396፤ ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል። 1 ሲተርፍ ማክሰኞ፣ 2 ሲተርፍ ረቡዕ ነው። መስከረም 1 ረቡዕ ዋለ።

ለምን እንዲህ ይሠራል? 365 ቀን 52 ሳምንትና 1 ቀን ነው። ስለዚህ አዲስ ዓመት በየዓመቱ አንድ ቀን ይገፋል። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ተጨማሪ ቀን ይገፋል። እንግዲህ ዓመቱን ከአራት እጁ አንዱ ጋር ደምሮ ሰባትን መጣል ተገቢ ነው። አለቀ! አበቅቴና መጥቅዕም እንዲሁ ናቸው። 7517 ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፣ አንዱ ሲቀነስ ወንበር 11 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 30 ሲገደፍ አበቅቴ 1 ይሆናል፣ በ19 ተባዝቶ 30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29 ይሆናል። ድምራቸው 30 ነው። ወንበር ዜሮ የሚሆንበትን ዓመት ለብቻው እናቆየውና፣ ድምሩ ሁልጊዜ 30 የሚሆነው ለምንድን ነው? 11ና 19 ራሳቸው 30 ስለሆኑ ነው። 11 ደግሞ ከየት መጣ? የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለሆነ ልዩነታቸው 11 ነው። ለ19 የምናካፍለውስ? 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ ነው። ስሌቱን በቃሉ የያዘ ልጅ ይህን «ለምን» ሲያገኝ ዓይኑ እንዴት እንደሚበራ አስቡት!

ሦስት ተቃውሞ ይመጣብናል። የመጀመሪያው «ሰዓት የለም፤ ክፍሉ ሞልቷል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ የመምህሩ ችግር ቀላል አይደለም። ነገር ግን ምክንያቱን ያልያዘ ተማሪ ያንኑ ትምህርት በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሰዓቱን የሚበላው ይኸኛው ነው። ሁለተኛው «ቃል በቃል መያዝም ትምህርት ነው» የሚል ነው። እኛም የማባዣ ሠንጠረዥ በቃል አይያዝ አላልንም። ይያዝ፤ ግን 7 ጊዜ 8 ቢጠፋበት 7 ጊዜ 7 ላይ 7 ጨምሮ መድረስ የሚችል ልጅ እናውጣ ነው የምንለው። ሦስተኛው «የፌርማ ዝምታ እኮ ትውልድን ቀስቅሷል» የሚል ነው። አዎ፣ ጎበዞችን ቀስቅሷል። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ግን ዝምታ ሲያጋጥመው የሚደርስበት ድምዳሜ «ሒሳብ ለእኔ አይሆንም» የሚል ነው። ብዙ ልጅ ከሒሳብ የተጣላው በዚህች ቀን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ማንኛውም ሠልጣኝ የትምህርት ዕቅዱን ሲያዘጋጅ «ተማሪው ለምን ቢለኝ?» የምትል አንዲት መስመር ይጨምር፤ መልሱንም ይጻፍባት። ሁለተኛ፣ በልምምድ ማስተማር ጊዜ ገምጋሚ መምህራን ስለ ድምፅና ስለ ሰሌዳ አጠቃቀም እንደሚያርሙ ሁሉ፣ ምክንያቱ መነገሩንም ይመልከቱ። ሦስተኛ፣ መምህሩ መልሱ ካልመጣለት «ነገ አብረን እናየዋለን» ይበል። ይህ ነውር የለውም፤ ነውሩ ጠያቂውን ማሸማቀቅ ነው።

ለአንባቢዎቻችንም የወሩን ጥያቄ እንተዋለን። 2 አሥር ጊዜ ተደጋግሞ ሲባዛ 1024 ነው፤ ለ11 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ለምን? መልሱን ከነማረጋገጫው ጽፋችሁ በጋዜጣው ሥር ለጥፉ። ቦታ ጠበበን የሚል ቢኖር ተጨማሪ ወረቀት እንሰጣለን።

ፌርማ የጻፈው በጠባብ ኅዳግ ላይ ነበር። በየክፍላችን ያለው ግን ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ሰፊ ነው!