ሥርዝ ድልዝ ያለበት ፎቶግራፍ

«ግድ የለም፣ በኋላ በኮምፒውተር ይስተካከላል!» ይህች አነጋገር በከተማችን በደብረ ታቦር ካሜራ የያዘ ሁሉ መፈክር ሆናለች። ውድ አንባቢያን፣ እኔ ደግሞ መፈክሪቱን ልሟገት ተነሥቻለሁ።

ጥር 25 ቀን፣ በመርቆሬዎስ በዓል፣ ፈረሰኞች ጉግስ ሲጫወቱ ስንቱ ሌንሱን በቀጥታ ወደ ፀሐይ ደግኖ ያነሣል! ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ አየሯ ስስ፣ ፀሐይዋም ብርቱ። ብርሃኑ በሌንሱ መስተዋቶች መካከል ወዲያና ወዲህ እየነጠረ በምስሉ ላይ የብርሃን ክቦችን ይረጫል፤ ጥቁሩን ዐመድማ ያደርገዋል። የፈረሰኛው ፊት ይጠፋል።

መከላከያው ረቂቅ ጥበብ አይደለም። ቅብ የሌለው መስተዋት በእያንዳንዱ ገጹ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። የሳይስ ኩባንያው አሌክሳንደር ስማኩላ በ1935 እ.ኤ.አ. ነጸብራቅ የሚቀንሰውን የሌንስ ቅብ የፈለሰፈው ለዚህ ነው። ቅቡ ግን ሁሉን አይችልም። የቀረው የእኛ ድርሻ ነው፦ የጣት አሻራ ያረፈበትን ሌንስ መወልወል፣ ርካሹን ማጣሪያ ማውለቅ፣ የሌንስ ጥላ መግጠም። ጥላው ከሌለ እረኛ የራቀች ላሙን ሲፈልግ ግንባሩ ላይ እንደሚያደርገው በመዳፍ ፀሐይዋን መጋረድ፤ አለዚያም አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ከጽድ ግንድ ኋላ መሰወር።

«ነጸብራቁ እኮ ውበት ነው» የሚሉኝ ገጣሚ ወዳጆች አሉኝ። ዐውቆና ፈልጎ ላደረገው ይሁን! የደበዘዘውን ምስል ማጉላትም ጥገና ነው፤ አልነቅፈውም። ብርሃን ፈጽሞ የዋጠውን ዓይን ግን ፎቶሾፕም ሆነ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊመልሰው አይችልም፤ የጠፋው ነገር በምስሉ ውስጥ የለምና። የሚያደርገው ከሌላ ሥፍራ ቆርጦ መለጠፍ፣ ወይም ገምቶ መሣል ነው። ታዲያ የልጅ ልጅ «አያቴ ይህ ነው» ሲል የሚያየው ማንን ነው?

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ሥርዝ ድልዝ ያለበት ቼክ፣ የተደለዘው ቁጥር እውነት ሊሆን ቢችል እንኳ፣ አይመነዘርም። ለገንዘብ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለወላጆቻችን መልክ ስለ ምን ቸል እንላለን?

የከተማችን ስም የብርሃን ተራራ ስም ነው። ብርሃንን የሚያከብር ሰው ደግሞ ዓይኑን መጋረድ ያውቃል። ፎቶ አንሺዎች ሆይ፣ ከመጫናችሁ በፊት ጋርዱ! ያጠፋችሁትን ፊት ኋላ ማንም አይመልስላችሁም።