እርጥብ እንጨት፣ ደረቅ ዲግሪ!

ለመሆኑ በዚህ አገር የደን ምሩቅና የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤት ተገናኝተው ያውቃሉ? ሰሞኑን ሥራ ፍለጋ የሚንከራተቱ ሁለት የደን ምሩቃን አነጋግሬ ነበር። ስለ ችግኝና ስለ አፈር ጥበቃ ጠይቋቸው፤ እንደ ውኃ ያወርዱላችኋል። ስለ ግንድ አሰነጣጠቅ ስጠይቃቸው ግን ተያዩ። አንደኛው «በሥዕል አይተናል» አለኝ። ልጆቹ ምን ያድርጉ?

በወንዶ ገነት የደን ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ በምኒልክ ዘመን ከገባ መቶ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ባሕር ዛፍ ሲባል ትዝ የሚለን አጣናና ማገዶ ነው! ግንዱ በውስጡ ውጥረት ስላለው ሲሰነጠቅ ይጣመማል፤ በጥድፊያ ሲደርቅም ይተረተራል። መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው። አሰነጣጠቁን ማወቅ፣ ጣውላውን ከፀሐይ ከልሎ ነፋስ በመሐሉ እንዲያልፍ መደርደር፣ ከዚያ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ገደማ እስኪወርድ መታገሥ ነው። እንጨት መኮማተር የሚጀምረው እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ነው። ስለዚህ ላዩ ደረቀ ተብሎ ቁም ሣጥን የሆነ ጣውላ ሳሎናችሁ ገብቶ ሥራውን ይቀጥላል ማለት ነው። የእኔው ቁም ሣጥን በር በአራተኛ ወሩ አልዘጋም ብሏል። የሠራው አናጢ እጁ የተባረከ ነው፤ የእርጥበት መለኪያ ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ስለ መለኪያው በደብተሩ የጻፈው ምሩቅ ደግሞ የአናጢውን ደጅ አልረገጠም።

ደንበኛውም በቃኝ ብሎ ከውጭ ወደሚመጣው ኤምዲኤፍ ሄደ። ውኃ ሲነካው እንደ ዳቦ የሚያብጠውን ማለቴ ነው።

ባለሥልጣናቱ ስለ ደን ሲጠየቁ መልሳቸው ችግኝ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ ቁጥር ይነገረናል። ደግ፣ ይተከል! ሲደርስስ ማን ይሰንጥቀው? ማን ያድርቀው? በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ሲጀመር ደግሞ ጥራት መጣ ተባልን። ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ሀ ወይስ ለ በማለት ጣውላ ይደርቃል እንዴ? ሥርዓተ ትምህርት ሲከለስ ፕሮፌሰሮች እንጂ መጋዝ የያዘ ሰው ወንበር ሲሰጠው አላየሁም።

አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤት ይህን ሳጫውተው «ሁለት ልጆች ለስድስት ወር ይላኩልኝ፣ ምሳቸውን እኔ እችላለሁ» ብሎኛል። ለየትኛው ቢሮ እንደሚያመለክት ግን የሚነግረው አጥቷል። የሚፈልገው የትምህርት ክፍል ካለ አድራሻውን በዝግጅት ክፍሉ በኩል እሰጣለሁ።