ሞተሩን ምን ገደለው?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ክረምት አዳማ አክስቴ ዘንድ የገጠመኝ ነገር ነው። አክስቴ አነስተኛ ምግብ ቤት አላት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከገንዳ ወደ ጣሪያ ታንከር የምታወጣው በአንድ የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ነው። ስደርስ ፓምፑ ተቃጥሏል፤ ለዚያውም ለሦስተኛ ጊዜ። ሁለት ጊዜ አስጠቅልላዋለች፤ የመጨረሻው ጥቅለላ ሁለት ወር እንኳ አልቆየም። እኔን ስታይ ፊቷ በራ። «አንተ ኤሌክትሪክ አይደል የምትማረው? እስቲ እየው» አለችኝ።

ከፈትኩት። የጠቆረ ሽቦ አየሁ፣ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተኝ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። ስለ ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ተፈትኜ ጥሩ ውጤት ያመጣሁ ሰው ነኝ እኮ! «ይሄማ ተቃጥሏል» አልኳት። «እሱንማ እኔም አውቃለሁ የኔ ልጅ» ብላኝ ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ፓምፑን ተሸክሜ ሌላ ሞተር ጠቅላይ ፍለጋ ወጣሁ። በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንድ አዛውንት አገኘሁ። ዋጋ ከመንገራቸው በፊት «ምን ገደለው?» ብለው ጠየቁኝ። ዝም አልኩ። ሳቁና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

የተቃጠለ ጥቅልል እንደ አስከሬን ምርመራ ይነበባል ነው የሚሉት ጋሼ። የጠቆረው የማስነሻው ጥቅልል ብቻ ከሆነ፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ማስነሻውን ማቋረጥ ያለበት ሴንትሪፉጋል ስዊች ተጣብቆ ይሆናል፤ ወይም ካፓሲተሩ ተበላሽቷል። አንድ ቦታ ብቻ ከተቃጠለ ኢንሱሌሽኑ ተልጦ ሽቦ ከሽቦ ተገናኝቷል፤ ወይም ውሃ ገብቷል። ሁሉም እኩል ከጠቆረ ግን ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሠርቷል፤ ወይም ሳይዞር መብራት ላይ ቆይቷል። የአክስቴ ሁሉም እኩል ጠቁሮ ነበር።

ዘንጉን በእጃቸው ሲያዞሩት ጠጠር አለ። የፓምፑ ሲል ያፈሳል፤ ውሃው ኩሽኔታውን አዝጎታል። ሁለት ጊዜ የጠቀለሉት ሰዎች ሽቦውን ቀይረው ኩሽኔታውን ሳይነኩት መልሰውታል። በዚያ ላይ ማታ ማታ የሰፈሩ መብራት ይደክማል። የሞተር የማዞር ጉልበት ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ 220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ ጉልበቱ 67 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል። በዝገት የተያዘ ዘንግ በዚያ ጉልበት አይነሳም። ያልተነሳ ሞተር ደግሞ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ከረንት ይስባል፤ ስድስት እጥፍ ከረንት ማለት በጥቅልሉ ውስጥ 36 እጥፍ ሙቀት ነው። ማራገቢያውም አብሮ ቆሟል። ታዲያ ምን ይተርፋል?

ቀጥለው አንድ ያረጀ ደብተር አወጡ። ባለፉት ዓመታት የጠቀለሉት ሞተር ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፤ ጉልበቱ፣ የስሎቱ ብዛት፣ ከየትኛው ስሎት ወደ የትኛው እንደሚዘል፣ በየጥቅልሉ ስንት ዙር እንዳለ፣ የሽቦው ውፍረት። ለዚህ ዓይነቱ ሞተር ዋና ጥቅልል ደብተሩ 0.70 ሚሊ ሜትር ይላል። ከአክስቴ ሞተር የወጣው ሽቦ ቫርኒሹ ተጠርጎ በማይክሮሜትር ሲለካ 0.60 ሆነ። ልዩነቱ ለዓይን ምንም አይደለም። በስሌት ግን የሽቦው ስፋት ወደ 73 በመቶ ይወርዳል፣ ሬዚስታንሱ በ36 በመቶ ይጨምራል። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። ጋሼ በትኩረት አይተው «ቀጭን ሽቦ ቶሎ እንደሚቃጠልማ በልምድ አውቃለሁ፤ ስንት እንደሚጨምር ግን ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። እኔ ምን እንደጎደለኝ፣ እሳቸውስ ከእኔ ምን ሊያገኙ እንደሚችሉ የገባኝ ያኔ ነው።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። በትምህርት ክፍላችን እያንዳንዱ የተማሪ ቡድን ከመመረቁ በፊት አንድ የተቃጠለ ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ከፍቶ፣ የገደለውን ለይቶ፣ ጠቅልሎና ፈትኖ ለባለቤቱ መመለስ አለበት።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ጥቅለላ ያለፈበት ሥራ ነው፤ አዲስ ፓምፕ መግዛት ይሻላል» ይላሉ። ከፊል እውነት አለው። የስታተሩ ብረት ከተጎዳ፣ የኩሽኔታው ማረፊያ ከሰፋ፣ ወይም ትንሽ ፓምፕ ሆኖ የጥቅለላው ዋጋ አዲሱን ከተጠጋ ለቆራሌው መስጠት ነው። ግን ይህን ለመወሰንም እኮ ማወቅ ያስፈልጋል! የገደለው ነገር ካልተወገደ አዲሱም ፓምፕ በዚያው ሞት ይሞታል። አክስቴ አዲስ ብትገዛም ማታ ማታ መብራቱ መድከሙን አይተውም።

«የተጠቀለለ ሞተር እንደ ድሮው አይሆንም» የሚባለውም በአብዛኛው የአሠራር ጉድለት ነው። ብዙ ቦታ አሮጌውን ጥቅልል ለማውጣት ስታተሩን በነዳጅ ያቃጥሉታል። በዚህ ጊዜ በስስ ብረቶቹ መካከል ያለው ኢንሱሌሽን ይቃጠልና ሞተሩ ከዚያ በኋላ ያለ ጭነትም ይግላል። ዙር ቢያጎድሉ ደግሞ ብረቱ በማግኔት ከልክ በላይ ይሞላና ከረንቱ ያሻቅባል። እነዚህን ሁሉ በክፍል ተምረናቸዋል፤ ሽቦ ግን ጠምጥመን አናውቅም።

ጋሼ አንዱን ጥቅልል ራሴ እንድሠራው ፈቀዱልኝ። ዙሩን በትክክል ቆጠርኩ፤ ስሎት ውስጥ ሳስገባው ግን በችኮላ ገፋሁትና ሽቦውን ላጥኩት። ምንም ሳይናገሩ መቀስ አቀበሉኝ፤ ቆርጬ እንደገና ጀመርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ኢንሱሌሽን» የሚለው ቃል ለእኔ ሌላ ትርጉም አለው።

ይህን ለማድረግ ብዙ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም። የተቃጠለ ፓምፕ በየመምህራኑና በየጎረቤቱ ቤት ሞልቷል። ሜገር፣ ማይክሮሜትርና ክላምፕ ሜትር በላቦራቶሪያችን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፤ ጋሼ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሜገር የሚባል ነገር የለም። እንደ እሳቸው ያለ ባለሙያ በሴሚስተር ሁለት ቀን መጥቶ እጃችንን ቢያስተካክል፣ እኛ ደግሞ የጠቀለሉትን በ500 ቮልት ሜገር ብንፈትንላቸው ማን ይጎዳል? ከሁሉም በላይ ደብተሩ ያሳስበኛል። አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች በዘይት ወይበው መነበብ እያቃታቸው ነው። ቢያንስ እሱን ብንገለብጥ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች ከብዙ መጽሐፍ የሚበልጥ ሀብት ይሆናል።

የአክስቴ ፓምፕ በ0.70 ሽቦ ተጠቀለለ፤ ኩሽኔታውና ሲሉ ተቀየሩ፤ ሳይዞር ሲቀር የሚያቋርጥለት ኦቨርሎድም ተገጠመለት። ሳህኑ ላይ 5.2 አምፔር ይላል፤ ውሃ እየገፋ ስንለካው 5 ሆነ። አሁንም እየሠራ ነው። አክስቴ ለጎረቤቶቿ «የጠገነው እሱ ነው» እያለች ታወራለች። እውነቱን የማውቀው እኔና ጋሼ ነን። የሚቀጥለው ተመራቂ ግን እንዲህ ሲባል ማፈር የለበትም እላለሁ።