«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ደላላ ባለቤት ከየት ያገኘዋል?

የአዲስ አበባን የቤት ሽያጭ ቻናሎች ለአንድ ሰዓት ያገላበጠ ሰው ይህን ሳያስተውል አይቀርም። ሲኤምሲ አካባቢ ያለ አንድ ቤት፣ ያው በር፣ ያው ደረጃ፣ ያው የሳሎን መጋረጃ፣ በአምስት ቻናል በአምስት ስልክ ቁጥር ተለጥፏል። ዋጋው ከአንዱ አንዱ በሚሊዮን ይለያያል። ብዙዎቹ ጭራሽ ዋጋ አይጽፉም፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብለው ያልፋሉ። ሰፈሩም «አሪፍ ቦታ» ነው፣ አበቃ።

ይህን ሁሉ የሚለጥፈው ደላላ የሚያሳድደው ገዢን ነው። የሙያው ትልቁ ሀብት ግን የሚሸጥ ቤት መያዝ ነው። ባለቤቱ «ቤቴን አንተ ሽጥልኝ» ያለው ደላላ ገዢ አያጣም፤ ሌሎቹ ደላሎች ራሳቸው ገዢ ይዘው ይመጡለታል።

ድሮ ባለቤቱን ቀድሞ የሚያገኘው የሰፈሩ ደላላ ነበር። ማን ሊለቅ እንዳሰበ፣ የማን ውርስ እንደተከፈለ ከባለሱቁና ከጥበቃው ይሰማል። ይህ ዛሬም አልጠፋም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዱባይ ተቀምጦ ገርጂ ያለውን የእናቱን ቤት ሊሸጥ ያሰበ ሰው ግን የሰፈሩን ደላላ አያውቀውም። ዘመድ ይጠይቃል፤ ዘመድም የየራሱን ሰው ይጠቁማል። በመጨረሻ ማታ ስልኩን ይዞ ይፈልጋል።

የሚፈልገውም «ጎበዝ ደላላ» ብሎ አይደለም። «ገርጂ 200 ካሬ ቤት ስንት ያወጣል?»፣ «ውጭ ሆኖ በውክልና ቤት መሸጥ ይቻላል?»፣ «አንዱ ወራሽ ካልተስማማስ?»፣ «ኮንዶሚኒየም 5 ዓመት ሳይሞላው ይሸጣል?» እያለ ነው። መልስ ሆኖ የሚመጣለት ለገዢ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው፤ እሱም ምናልባት ከተሸጠ ዓመት ያለፈው ቤት።

ብልህ ደላላ ሊገባበት የሚገባው ክፍት በር ይህ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል፤ «ጉዳዬን ሁሉ ይፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ወረቀት አይበቃም። ይህን በቀላል አማርኛ ጽፎ ያስቀመጠ ደላላ አንድን ባለቤት ከንቱ የኤምባሲ ምልልስ ያድነዋል። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ በሕንፃ ሽያጭ ትርፍ ላይ የተጣለው ግብር 15 በመቶ መሆኑን፣ ለመኖሪያነት የቆየ ቤት ደግሞ ለብቻው እንደሚታይ የሚያስረዳ ጽሑፍም እንዲሁ። ባለቤቱ ይህን አንብቦ ሲያበቃ የሚደውለው ለማን ይመስላችኋል?

የፊደሉም ጉዳይ ቀላል አይደለም። አንዱ «ኃይሌ ጋርመንት»፣ ሌላው «ሀይሌ ጋርመንት»፣ ሦስተኛው «ሃይሌ» ብሎ ይጽፋል፤ ውጭ ያደገው ልጅ ደግሞ በላቲን ፊደል። ደላላው በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ከጻፈ በሌላው የሚፈልገው ሰው ላያገኘው ይችላል። በካርታ ላይ ለሚወጡ ድርጅቶች ጉግል ራሱ የሚናገራቸው መስፈርቶች ሦስት ናቸው፦ ከተፈለገው ነገር ጋር መዛመድ፣ ርቀትና ታዋቂነት። በገንዘብ የሚገዛው የማስታወቂያው ቦታ ነው፤ እሱም «ስፖንሰርድ» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል።

ታዲያ ደላሎቹ ለምን ይደብቃሉ? ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሰፈሩንና ዋጋውን በግልጽ የጻፈ ደላላ ማታውኑ ይሰረቃል። ሌላው ፎቶውን ወስዶ፣ የራሱን ስልክ ለጥፎበት፣ ጠዋት ባለቤቱ በር ላይ ይቆማል። ባለቤቱም ለሁሉም «እሺ፣ ገዢ አምጣ» ይላል። በእጁ የጽሑፍ ውል የሌለው ሰው መደበቁ ራስን መከላከል ነው። የተደበቀ ነገርን ግን የትኛውም መፈለጊያ አያወጣውም።

አሜሪካ ያሉ ሐበሻ የቤት ሻጮች በግልጽ መለጠፍ የቻሉት በምን ሆነና? ባለቤቱ ለተወሰነ ጊዜ ለአንድ ደላላ ይፈርማል፤ ደላላው ቤቱን ደላሎች በጋራ በሚጠቀሙበት መዝገብ ላይ ከነዋጋው ያወጣል፤ ከዚያ እነ ዚሎው ድረስ ይደርሳል። ማንም ቢገለብጠው ኮሚሽኑ አይነካም። የዚያ አገር አሠራር ንጹሕ ነው ለማለት አይደለም። የደላሎቹ ብሔራዊ ማኅበር በኮሚሽን ጉዳይ ተከሶ በ2024 እ.ኤ.አ. 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ሆኖም ግልጽነቱ የመጣው ከውል እንጂ ከቴክኖሎጂ አይደለም።

የአዲስ አበባ ባለቤት «ለአንድ ሰው ፈርሜ ብታሰርስ?» ብሎ መፍራቱ እውነት አለው። ስለዚህ ውሉ አጭር ይሁን። ሦስት ወር፣ ኮሚሽኑ በመቶኛ የተጻፈ፣ ደላላው በየሳምንቱ ማን አይቶት ስንት እንዳቀረበ የሚያሳውቅበት። በዚያ ውል የተማመነ ደላላ ሰፈሩን፣ ካሬውን፣ ዋጋውን በአደባባይ ይጽፋል። ሲሸጥም «ተሽጧል» ይላል። ከዓመት በኋላ በዚያ ሰፈር ዋጋ የሚፈልግ ሌላ ባለቤት ያንን ያገኛል።

ከላይ መውጣት ግን የታማኝነት ምስክር ወረቀት አይደለም። አምስት ኮከብ የሰጡት የአጎት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። በተለይ ውጭ ያለ ባለቤት በፍለጋ ላገኘው ደላላ የመሸጥ ውክልና ጨርሶ መስጠት የለበትም፤ ውክልናው ለሚያምነው ዘመድ ወይም ለጠበቃ፣ ገዢ ማምጣቱ ለደላላው። በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የንግድ ፈቃድህን ላክልኝ፣ በሰፈሬ በቅርቡ ያሸጥከው ቤት የትኛው ነው፣ ውሉን በጽሑፍ ታደርገዋለህ ወይ? «እኛ በእምነት ነው የምንሠራው» ካለው ስልኩን ይዝጋና ወደ ሁለተኛው ቁጥር ይደውል።